አሜሪካ በገዛ ጨዋታዋ ለምን ትሸነፋለች?

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ አርብ ማታ ይዘናት ወጣን። የእህቴ ልጅ ሃይስኩሉ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፣ ጨዋታ ነበረው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከላዩ የእህቴን ወፍራም ጃኬት ደርባ፣ ብረት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፊሽካ ተነፋ። ሃያ ሁለት ጎረምሳ ተላተመ፣ ተከመረ፣ ከታች የቀረው ልጅ ከነጭራሹ አልታይ አለ። እናቴ ብድግ አለች።

«ኧረ በማርያም! እዚህ አገር ገላጋይ የለም እንዴ?»

የእህቴ ባል ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ባለ ነጭና ጥቁር ማሊያዎቹን ዳኞች እያሳያት «ገላጋዮቹማ እነሱ ናቸው እማዬ» አላት። እሷ ግን አልተዋጠላትም። «ታዲያ ቆመው ምን ይጠብቃሉ?»

ቤት ገብተን ቡና ሲፈላ ወሬው እዚያው ጨዋታ ላይ ቀረ። ልጁ ጉልበቱ ላይ በረዶ እንደያዘ፣ ካናዳ በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አሜሪካን አሸንፋ ታውቃለች፣ ያውም ቴክሳስ ውስጥ፣ ብሎ አወራ። አባቱ «ሂድ ወዲያ! ካናዳ የበረዶ ሆኪ እንጂ ፉትቦል ምን ታውቃለች» አለው። ተጨቃጨቁ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ልጁ ልክ ነበር። እንደውም ከተናገረው በላይ ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰኔ ስል ጁን፣ ሐምሌ ስል ጁላይ ማለቴ ነው።) እኛ «የአሜሪካ ፉትቦል» የምንለውን ጨዋታ በዓለም ደረጃ የሚመራ ፌዴሬሽን አለ፣ በአጭሩ አይፋፍ ይሉታል፣ የተመሠረተው በ1998 ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ያሉ ሰዎች ጨዋታውን «ግሪዳይረን» ይሉታል። ቃሉ ሥጋ የሚጠበስበት ፍርግርግ ብረት ማለት ነው። ድሮ ሜዳው በቁምም በአግድምም ይሰመር ስለነበር ከላይ ሲያዩት ያንን ይመስላል። ይህ ፌዴሬሽን ነው በ2009 ከ19 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጀው።

ቦታው ካንተን፣ ኦሃዮ። ካንተን ትንሽ ከተማ ናት፣ ለፉትቦል ሰው ግን እንደ መሳለሚያ ናት። ኤንኤፍኤል፣ ማለት ትልቁ የአሜሪካ የፉትቦል ባለሙያዎች ሊግ፣ በ1920 የተመሠረተው እዚያ ነው፣ ያውም በአንድ የመኪና መሸጫ ሱቅ ውስጥ። የታላላቅ ተጫዋቾች ሙዚየምም እዚያው ነው። ስምንት ብሔራዊ ቡድኖች መጡ፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ ጃፓን፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ፈረንሳይና ኒውዚላንድ። አሜሪካ ፈረንሳይን 78 ለ 0 ደበደበች። ፍጻሜው ላይ ካናዳን 41 ለ 3። ያየ ሁሉ «በቃ፣ ይሄ ውድድር ሳይሆን ጉብኝት ነው» ቢል አይፈረድበትም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ውድድሩ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ገባ። ቴክሳስ ማለት አርብ ማታ መንደሩ ሁሉ ተነቅሎ ስታዲየም የሚገባበት አገር ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2012 ፍጻሜው ተደረገ፣ እነዚያው ሁለቱ ተገናኙ። ካናዳ 23፣ አሜሪካ 17።

አንድ ጊዜ ቢሆን «ዕድል ነው» ይባላል። ግን በ2016 ሃርቢን፣ ቻይና ውስጥ ካናዳ ሜክሲኮን 24 ለ 6 አሸንፋ ዋንጫ ወሰደች። በ2018 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እንደገና ሜክሲኮን 13 ለ 7። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ፍጻሜ ላይ አሜሪካ የለችም። ጨዋታውን የፈለሰፈችው፣ ከእሱም በዓመት ቢሊዮኖች የምታፍሰው አገር፣ በልጆቹ ውድድር ሁለት ጊዜ ተከታታይ ፍጻሜ አልደረሰችም።

ለምን? መልሱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ጨዋታው ራሱ ትንሽ መፈታት አለበት፣ አለበለዚያ የካናዳ ነገር አይገባም። የምታውቁት ሦስት አንቀጽ ዝለሉ።

ለእናቴ ያስረዳሁበትን መንገድ ልንገራችሁ፣ እስካሁን ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ረከቦቱን ሳብ አደረግኩና ሲኒዎቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ደረደርኳቸው። መሀላቸው ላይ የስኳር ማንኪያውን አጋደምኩ። ኳሷ ያለችው ማንኪያው ላይ ነው። በዚህ በኩል ያሉት ሲኒዎች ኳሷን ወደ ወዲያኛው ጫፍ ማድረስ ይፈልጋሉ፣ እነዚያኞቹ ደግሞ መንገድ ይዘጋሉ። ኳሷን የያዘው ልጅ መሬት ላይ ከተጣለ ወይም ከመስመር ከወጣ ጨዋታው ይቆማል። ሁሉም ይነሳል፣ ማንኪያው ኳሷ የደረሰችበት ቦታ ላይ ይጋደማል፣ እንደገና ይሰለፋሉ። ይቺ አንዷ ሙከራ «ዳውን» ትባላለች።

አንድ ቡድን አራት ዳውን አለው። በአራቱ ውስጥ አስር ያርድ፣ ማለት ዘጠኝ ሜትር ከምናምን፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ልክ እንደ ሞባይል ካርድ ሂሳቡ እንደገና ይሞላለታል፣ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልገፋ ኳሷ ለባላጋራ ትሰጣለች። ስለዚህ ሦስት ሙከራ ከሽፎ አራተኛው ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ አይደፍሩም፣ ኳሷን በእግር ርቆ እንዲሄድ ይለጓታል። ካጣናት አይቀር እሩቅ ወስደን እንጣላት ነው ነገሩ። ጫፍ ድረስ ይዞ የገባ «ታችዳውን» ይባልለታል፣ ስድስት ነጥብ። ከዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ነጥብ የሚገኝበት ሙከራ አለ። ጫፍ መግባት ያቃተው ደግሞ በእግሩ በሁለት ቋሚዎች መሀል አሳልፎ ሦስት ነጥብ ይወስዳል። ተከላካዮች ባላጋራን የገዛ ቀጠናው ውስጥ ከጣሉት ደግሞ ሁለት። 23 ለ 17 ዓይነት እንግዳ ውጤት የሚመጣው ከዚህ ድምር ነው።

እናቴ ሲኒዎቹን ትክ ብላ አየችና «አሃ! ድንበር መግፋት ነው በሉኛ» አለች። ስንት የስፖርት ተንታኝ አዳምጫለሁ፣ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም።

አሁን ካናዳ። ካናዳውያን ይህንኑ ድንበር መግፋት ይጫወታሉ፣ ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከአሜሪካ ኮርጀው አበላሽተውት እንዳይመስላችሁ፣ ጨዋታው ሁለቱም አገር ውስጥ ከእንግሊዙ ራግቢ እየተላቀቀ ጎን ለጎን ነው ያደገው። የአሜሪካ ሜዳ ርዝመቱ 100 ያርድ፣ ስፋቱ 53 ገደማ ነው። የካናዳው 110 በ65። የአሜሪካ ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል፣ የካናዳው 12። ትልቁ ልዩነት ግን ሙከራው ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ያለህ ሦስት ዳውን ብቻ ነው። ሁለቱ ከከሸፉ ሦስተኛው ላይ ለግተህ ትገላገላለህ። ስለዚህ ቀስ እያልክ ሁለት ሦስት ያርድ በደረት መግፋት አያዋጣም። መወርወር አለብህ፣ መሮጥ አለብህ፣ ሰፊውን ሜዳ መጠቀም አለብህ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ትንሽ የሚመስል ግን ጨዋታውን የሚቀይር ነገር ነው። በአሜሪካው ሕግ ሁለቱ ሰልፎች አፍንጫ ለአፍንጫ ናቸው፣ መሀላቸው ያለው ክፍተት የኳሷ ርዝመት ብቻ ነው፣ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። በካናዳው ተከላካዩ አንድ ሙሉ ያርድ ወደኋላ ይቆማል። ደግሞ ኳስ ተቀባዮቹ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ወደ መስመሩ እየተንደረደሩ መምጣት ይችላሉ፣ ልክ እንደ ዝላይ ተወዳዳሪ። ስለዚህ ኳሷ ስትነሳ ልጁ ፍጥነት ላይ ነው፣ የሚጠብቀው ተከላካይ ግን ቆሞ ነው። በአሜሪካው እንዲህ ወደፊት መንደርደር ክልክል ነው፣ ይቀጣሉ።

የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ በአሜሪካው ሕግ ነው የሚካሄደው። አስራ አንድ ሰው፣ አራት ዳውን፣ ጠባቡ ሜዳ። ስለዚህ ካናዳዊው ልጅ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን በጥቂት ቀን ውስጥ መርሳት አለበት። (ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከምትባለው የካናዳ ግዛት ሃይስኩሎች የሚመጡት ይሻላቸዋል፣ እነሱ ድሮውኑ በአሜሪካው ሕግ ነው የሚጫወቱት።) ለእናቴ ይህን ሳስረዳ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሲኒ አነሳሁ፣ ማንኪያውን አጠጋሁ። «ታዲያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው» አለች። ሁሉም ሰው የሚያስበው እሷ ያለችውን ነው። እኔ ግን ጥቅምም ያለው ይመስለኛል። በሦስት ሙከራ አብቃቅቶ ያደገ ልጅ አራተኛ ሲጨመርለት ቤቱ ይሰፋዋል። ይህ የኔ ግምት ነው፣ በሰነድ ላሳያችሁ አልችልም።

ነገር ግን ሕጉ ብቻውን 41 ለ 3 የነበረውን ወደ 23 ለ 17 አይገለብጥም። ዋናው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው። ካላንደር ላይ።

እስቲ አስቡት። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ሃይስኩል ፉትቦል ይጫወታሉ። ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ 45 ልጅ መርጦ ማሊያ ማልበስ ምን ይከብዳል? መምረጡ አይከብድም። የተመረጠው አይመጣም እንጂ።

አንድ በጣም ጎበዝ የ18 ዓመት ልጅ ውሰዱ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ሲያባብሉት ነው የቆዩት። አንዱን መርጦ ፈርሟል፣ ሙሉ የትምህርት ወጪው ተሸፍኖለታል። ግንቦት ላይ ከሃይስኩል ይመረቃል። እኛ ልጆቻችን ሲመረቁ ድግስ ደግሰን «አሁን ይረፍ» እንላለን። ይሄ ልጅ ግን ሰኔ ሲገባ ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። የክረምት ኮርስ ይወስዳል፣ ጠዋት ጂም፣ ከሰዓት የጨዋታ ዕቅድ የታጨቀበት ወፍራም ጥራዝ። ነሐሴ ላይ ዋናው ልምምድ ይጀመራል፣ መስከረም ላይ ሰማንያ ሺህ ሰው ፊት ይሰለፋል። የሱን ቦታ የሚፈልጉ ሌሎች አራት ልጆች አሉ።

ውድድሩስ መቼ ነው? ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ። ልክ እዚያ መሀል።

አሰልጣኙ «አትሂድ» ብሎ ባይከለክለው እንኳ ልጁ ራሱ ያስላዋል። አገር ወክሎ ሄዶ የጉልበቱ ጅማት ቢበጠስ ዓመቱ አለቀ። የብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ የሚሰጠው ትዝታ ነው፣ ኮሌጁ የሚሰጠው ደግሞ ምናልባት ኤንኤፍኤል። ስለዚህ አሜሪካ የምታሰልፈው ጥሩ ቡድን ነው፣ ግን ምርጡ አይደለም። ብሔራዊ ቡድኑን የሚያደራጀው ዩኤስኤ ፉትቦል የተባለው ድርጅት ነው። ያለው ጉልበት ደግሞ መጋበዝ ብቻ ነው፣ ማዘዝ አይችልም።

ይህን ነገር እኛ ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ማራቶን ላይ «እንትናማ የት ሄደ?» ብለን የማንጠይቅበት ጊዜ አለ? በርሊን መስከረም ላይ ነው፣ ቺካጎ ጥቅምት ላይ። ሰውነት በጥቂት ሳምንት ልዩነት ሁለት ማራቶን አይችልም፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሯጩን ለአገሩ ደንታ የለውም ማለት ከባድ ነው። እንጀራውም የሚጋገረው እዚያ ነው።

ካናዳዊው ልጅስ? ለሱ ሐምሌ ክፍት ነው። የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ካምፕ የሚከፍቱት ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ግዛቶቹ በየክረምቱ ምርጥ ታዳጊዎቻቸውን ይዘው የሚገናኙበት የፉትቦል ካናዳ ካፕ የሚባል ውድድር አላቸው፣ አሰልጣኞች ልጆቹን እዚያ ያያሉ፣ ይመዘግባሉ። ኩቤክ ውስጥ ደግሞ ከሃይስኩልና ከዩኒቨርሲቲ መሀል ያሉት ኮሌጆች፣ ሴጄፕ የሚሏቸው፣ ልክ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆችን በጠንካራ ሊግ ያጫውታሉ። ለካናዳዊው ልጅ የዓለም ሻምፒዮናው የዓመቱ ትልቁ መድረክ ነው። አሜሪካዊ መልማይ ሊያየው የሚችልበት መስኮትም ነው። አንዱ ውድድሩን ሸሽቶ የሚሄድበትን ቦታ፣ ሌላው በውድድሩ በኩል ሊገባበት ይመኛል።

ሜክሲኮና ጃፓንን ብዙ ሰው አይጠብቃቸውም፣ ግን ሁለቱም አገሮች ውስጥ ጨዋታው ከኛ አያቶች ዘመን ጀምሮ አለ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የብሔራዊው ዩኒቨርሲቲና የፖሊቴክኒኩ ፉክክር በኛ አገር የጊዮርጊስና የቡናን ያህል ደም ያፈላል። ጃፓን የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የጀመረችው በ1934 ነው፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲዎቹ የዋንጫ ጨዋታ ኮሺየን ቦውል ይባላል። የጃፓን ልጆች በቁመትና በክብደት ብዙ ጊዜ ያንሳሉ፣ ግን የእግር አጣጣላቸው ሰዓት ነው፣ አንድ እርምጃ አያባክኑም። በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ1999ንና የ2003ን፣ የወሰደችው ጃፓን ናት። አሜሪካ በሁለቱም አልተሳተፈችም።

አውሮፓ ሌላ ዓለም ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ፉትቦል የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለው ክለብ ነው። ቪየና ወይም ኢንስብሩክ ያለ ልጅ ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ ይዞ ክለቡ ሜዳ ይሄዳል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። ኦስትሪያና ጀርመን በዚህ መንገድ ጥሩ ቡድን ሠርተዋል። ቢሆንም በቀን በቀኑ ከሚያሠለጥን የአሜሪካ ሃይስኩል ጋር ሲገናኙ ክፍተቱ ይታያል፣ የፈረንሳይ 78 ለ 0 ከዚያ ነው የመጣው። ሌላው ቀርቶ ዕቃው ራሱ ፈተና ነው። አንድ ሄልሜት ብቻውን ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ትከሻ መከላከያው ሲጨመር፣ በ45 ልጅ ሲባዛ፣ በአውሮፕላን ሲጫን… እግር ኳስ እኮ በካልሲ ኳስም ይለመዳል።

ከሁሉም የገረመችኝ ግን አሜሪካን ሳሞአ ናት። ፓስፊክ መሀል ያለች የደሴት ግዛት ናት፣ ሕዝቧ 50 ሺህ ገደማ፣ አንድ መካከለኛ ከተማችንን አትሞላም። በአሜሪካ ሥር ናት። እዚያ የተወለደ ሰው የአሜሪካ ፓስፖርት ይይዛል፣ በሕጉ ግን «ናሽናል» እንጂ ሙሉ ዜጋ አይደለም፣ በፕሬዚዳንት ምርጫም ድምፅ አይሰጥም። ወደ ኤንኤፍኤል የምትልካቸው ልጆች ብዛት ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር አፍ ያስይዛል። በ2012 ኦስቲን ላይ ይቺ ደሴት የራሷን ብሔራዊ ቡድን ይዛ መጣች፣ አሜሪካም የራሷን። በፓስፖርት አንድ፣ በማሊያ ሁለት። ያው እግር ኳስ ውስጥ እንግሊዝና ስኮትላንድ ለየብቻ እንደሚጫወቱት ነው፣ ግን እንግሊዝ ስኮትላንድን «የኔ ግዛት» ብላ አትጠራትም።

የውድድሩን ጥድፊያም ልንገራችሁ። ፉትቦል በተለመደው ጊዜ በሳምንት አንድ ጨዋታ ነው። ሰውነት ስለሚደቅ ሳምንት ሙሉ ይታሻል፣ በረዶ ይደረግበታል። ኦስቲን ላይ ግን ውድድሩ ሰኔ 30 ተጀምሮ ሐምሌ 7 አለቀ፣ ሦስት ሦስት ጨዋታ በስምንት ቀን። የጨዋታው ሩብ ግን ከኮሌጁ 15 ደቂቃ ወደ 12 ያጥራል። እህቴ ይህን ስትሰማ ቡናውን መቅዳት አቆመች። «ጭንቅላታቸውስ?» አለች። የሚያስጨንቃት እሱ ብቻ ነው፣ እውነቷንም ነው። የአንጎል መናወጥ ቀልድ አይደለም። አንዴ የደረሰበት ልጅ ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ነገሩ ይብሳል፣ አጭር ቀናት ውስጥ የታጨቀ ውድድር ደግሞ ለማገገሚያ ቦታ የለውም። እኔ እዚህ ላይ ከእህቴ ጋር ነኝ።

ውድድሩ በ2014 የት እንደሄደ ገምቱ። ኩዌት። በሐምሌ! የኩዌት ሐምሌ ምን እንደሚመስል እዚያ የሠሩ እህቶቻችንን ጠይቁ፣ በር ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ሙቀት የእንጀራ ምጣድ ክዳን እንደማንሳት ነው ይላሉ። ዓመቱ ደግሞ ረመዳን ሐምሌ ላይ የዋለበት ነበር። ኩዌት ለዓመታት ታዳጊዎችን ስታለማምድ ቆይታ ስለነበር የራሷን ቡድንም አሰለፈች። ያን ጊዜ አሜሪካ ካናዳን 40 ለ 17 አሸንፋ የ2012ቱን ብድሯን መለሰች። እስከማውቀው ለአሜሪካኖቹ ያ ሁለተኛው ዋንጫ ነበር፣ ከሱ በኋላ ነው የካናዳና የሜክሲኮ ፍጻሜዎች የመጡት።

በመሀሉ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ራሱ ተሰነጠቀ። ይሄን ክፍል የሚያነብ አበሻ «ይሄማ የምናውቀው ነው» ማለቱ አይቀርም። በ2015 የአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና ስቶክሆልም ላይ ሊካሄድ ነበር፣ አዘጋጁ ገንዘብ አጥሮት ፈረሰ። ውድድሩ በጥድፊያ ወደዚያችው ካንተን ዞረ፣ ብዙ አገሮች ቀሩ፣ ሰባት ቡድን ብቻ ተገኘ። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ወርጃለሁ አልወረድኩም የሚል ንትርክ ተነሳ፣ ሁለት ወገን «እውነተኛው አይፋፍ እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ። አንድ አገር ለየትኛው መዋጮ እንደሚከፍል ግራ የገባበት ጊዜ ነበር። ጉዳዩ ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ነው መቋጫ ያገኘው። በዚያ ሁሉ መሀል ሃርቢን ሄደው የተጫወቱት ልጆች እንዴት እንደተጫወቱ ይገርመኛል።

ከወረርሽኙ በኋላ ውድድሩ ሲመለስ የዕድሜ ጣሪያው ከ19 ወደ 20 ከፍ አለ፣ በ2024ም ኤድመንተን፣ ካናዳ ላይ ተካሄደ። አንድ ዓመት ምን ለውጥ ያመጣል ትሉ ይሆናል። በእግር ኳስ ብዙም ላያመጣ ይችላል፣ እኛም ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን በ2001 አርጀንቲና ሲሄድ ያየነው ነው፣ የ17 ዓመት ልጅ ከ20 ዓመቱ ጋር ተሰልፎ ሊያምርበት ይችላል። ፉትቦል ግን የክብደት ጨዋታ ነው። ከ18 እስከ 20 ባለው ጊዜ ልጅ ብዙ ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ሌላም መዘዝ አለው፣ የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ አሁን ኮሌጅ ገብቶ አንድ ዓመት የተጫወተ ነው፣ ማለት ከበፊቱም በላይ የሚለቀው የለም።

ስለ ኦሊምፒክ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ የሚገባው ይሄኛው ሳይሆን «ፍላግ ፉትቦል» ነው። አምስት ለአምስት፣ ሄልሜት የለም፣ መጣል የለም፣ ከወገብ ላይ የተንጠለጠለች ጨርቅ ከነጠቅከው ቆሟል። እናቴ ይህን ስነግራት ደስ አላት፣ «ታዲያ ዱሮውኑ እንዲህ አይጫወቱም?» አለች። ለፌዴሬሽኖችም ርካሽ ነው፣ አንድ ኳስና ጥቂት ቀበቶ በቂ ነው። ብዙ አገሮች ገንዘባቸውን ወደዚያ እያዞሩ ነው፣ ለባለ ሄልሜቱ የታዳጊዎች ቡድን የሚተርፈው ሊሳሳ ይችላል ብዬ እሰጋለሁ።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ውኃ ልጠጣ ኩሽና ገባሁ። ፍሪጁ በር ላይ የልጁ ቡድን ያደለው የዓመት ፕሮግራም በማግኔት ተለጥፏል። ገና የሃይስኩል ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ማንም ኮሌጅ አልጠራውም። ሰኔን ፈለግኩ። ሰኞ ክብደት ማንሳት፣ ማክሰኞ ሩጫ፣ ረቡዕ ክብደት፣ ሐሙስ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ልምምድ። ሐምሌም እንዲያው። አንድ ባዶ ሳምንት ብቻ አለች፣ እሷ ላይ እህቴ በቀይ እስክሪብቶ «የወንድሜ ሰርግ፣ ዳላስ» ብላ ጽፋባታለች። ከሥሩ በልጁ እጅ ጽሑፍ «አሰልጣኙን ማስፈቀድ» ይላል።